የስም ወጥመድ፦ የፔንግዊንና የባሕር ወፎች መዥገሮች አመዳደብ ሲመዘን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በእንስሳት አመዳደብ ሳይንስ ግን ስም የሚያወጣው ቀድሞ ያየው ሰው ነው። ያ ሰው የሚያውቀውም በእጁ የገባውን ናሙና፣ የተገኘበትን ስፍራና የተለቀመበትን እንስሳ ብቻ ነው። ስሙ አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ ከሙዚየም መደርደሪያ ወጥቶ ወደ ሕክምና መጻሕፍት ይገባል፤ ሐኪሙም በስሙ ላይ ተመርኩዞ የትኛው በሽታ ሊከተል እንደሚችል ይገምታል። በፔንግዊኖችና በሌሎች የባሕር ወፎች ላይ የሚኖሩ መዥገሮች አመዳደብ የዚህ ጉዞ ጥቅምም ጉዳትም ጎልቶ የሚታይበት መስክ ነው። ርእሰ ጉዳዩ ከሐኪም ጠረጴዛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም እነዚህ መዥገሮች ቦሬሊያንና ልዩ ልዩ ቫይረሶችን ይዘው ተገኝተዋል፤ አጋጣሚ ሲያገኙም ሰውን ይነክሳሉ። ስለዚህ አመዳደባቸው የሚያመጣው ስሕተት በሥነ እንስሳት ሊቃውንት ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነባሩ ዘዴ ብርታት

ከትችቱ በፊት በአካል ቅርጽ ላይ የተመሠረተው ነባር ዘዴ ለሠራው ሥራ ተገቢው ምስጋና ሊሰጠው ይገባል። በ2010 የታተመው የዓለም መዥገሮች ዝርዝር 896 ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህ ውስጥ 702ቱ ጋሻ ካላቸው፣ 193ቱ ለስላሳ ከሚባሉት አስተኔ ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻውን የቆመ ነው። እነዚህን ሁለት ታላላቅ አስተኔዎች ለመለየት ተራ አጉሊ መነጽር ይበቃል። ጋሻ ያለው መዥገር ከጀርባው ላይ ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ የወንዱን ጀርባ በሙሉ፣ የሴቷንና የታዳጊዎቹን ግን የፊተኛውን ክፍል ብቻ ይሸፍናል። አፉም ከላይ ሲታይ ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። ለስላሳው መዥገር ጋሻ የለውም፤ ቆዳው የተጨማደደ ሲሆን፣ አፉ ከሆዱ በኩል ስለሚገኝ ከላይ ለሚመለከተው አይታይም።

በቀጣዩ ደረጃም ዘዴው አያሳፍርም። የኢክሶደስ ወገን መዥገሮች በፊንጢጣቸው ፊት ለፊት በሚዞረው ቦይ ከሌሎቹ ባለ ጋሻዎች ሁሉ ይለያሉ። ከወገኑ ውስጥ ደግሞ በባሕር ወፎች ላይ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ኢክሶደስ ዩሪዬ በእግሮቹ መሠረት ላይ ሌሎች ዘመዶቹ ያላቸው እሾህ መሰል ጉጦች ስለሌሉት በቀላሉ ይታወቃል። ስለዚህ የአካል ምልክቶች ናሙናን እስከ ወገንና ብዙ ጊዜም እስከ ዝርያ ያደርሳሉ። ችግሩ የሚጀምረው ምልክቶቹ በሚያበቁበት ቦታ ስሙ ሥራቸውን ተረክቦ ሲቀጥል ነው።

ከአስተናጋጅና ከአገር የተወሰዱ ስሞች

ኢክሶደስ ዩሪዬ ስሙን ያገኘው በ1852 ነው። የሰየመው አዳም ኋይት ሲሆን፣ ቃሉን የወሰደው ዩሪያ ከተባለው የሰሜን ባሕሮች ወፎች ወገን ነው። ከሁለት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ከደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኬርጌለን ደሴቶች የመጣ ናሙና በፒካርድ ካምብሪጅ እጅ ገባና ሃያሎማ ፑታ ተባለ። ኋላ እንደታወቀው ሁለቱ ስሞች የአንድ ዝርያ ስሞች ነበሩ። ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና፣ ዛሬ በአንታርክቲክ ዙሪያ ባሉ ደሴቶች የፔንግዊንን ደም የሚመጠው መዥገር ከዚያ ደርሶ በማያውቅ የሰሜን ወፍ ስም ይጠራል። ስሙ ስለ አስተናጋጁ የሚናገረው እውነት ለመጀመሪያው ናሙና ብቻ የሚሠራ ነው።

ሌሎቹም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ማስኬል በ1885 ከኒው ዚላንድ የገለጸው ኢክሶደስ ዩዲፕቲዲስ የፔንግዊን ስም ቢሸከምም በሌሎች የባሕር ወፎችም ላይ ይገኛል። ኒውማን በ1901 የገለጸው ኦርኒቶዶሮስ ካፔንሲስ የተሰየመው በደቡብ አፍሪካው ኬፕ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ቡድን ግን ሞቃትና መካከለኛ አየር ባላቸው ውቅያኖሶች ደሴቶች ሁሉ ተሰራጭቶ ይገኛል። ሆግስትራልና ባልደረቦቹ በ1985 ከፔሩ የገለጹት ኦርኒቶዶሮስ ስፌኒስከስ ደግሞ በሁምቦልት ፔንግዊን ወገን ስም ተጠርቷል። አንባቢ እነዚህን ስሞች እንደ መታወቂያ ወረቀት ቢወስዳቸው ይሳሳታል። የመጀመሪያው አግኚ የት ቆሞ እንደነበር ይነግሩታል፤ መዥገሩ የትና በማን ላይ እንደሚኖር ግን አይነግሩትም።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ደግሞ በመለያ ቁልፎቹ አሠራር ላይ ይታያል። በለስላሳዎቹ መዥገሮች፣ በተለይም በካፔንሲስ ቡድን ውስጥ፣ ያደጉት እጅግ ስለሚመሳሰሉ አስተማማኝ ልዩነት የሚገኘው ባለ ስድስት እግር በሆነው እጭ ላይ ነው። ይሁን እንጂ እጩ በወፏ አካል ላይ ለቀናት ተጣብቆ ሲቆይ፣ ያደገው መዥገር በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥቶ ወደ ጎጆው ስንጥቅ ይመለሳል። ከጎጆ የሚለቅም ሰው ያደጉትን፣ ወፍ የሚይዝ ሰው እጮቹን ያገኛል። በለስላሳ መዥገር የተነከሰ ሕመምተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቁስሉ በቀር የሚያሳየው የለም። በተጨማሪም የእጩ አፍ፣ ካደገው በተለየ፣ ወደ ፊት ወጥቶ ስለሚታይ ልምድ የሌለውን ተመልካች ጋሻ ካለው መዥገር ጋር ያምታታዋል። በኢክሶደስ ዩሪዬም ቢሆን ወንዱ ደም ስለማይጠጣ በአብዛኛው የሚገኘው ከድንጋይ ሥር እንጂ በወፍ ላይ አይደለም። ቁልፉ የሚጠይቀውና ለቃሚው የሚያመጣው ካልተገናኙ፣ በመካከል ያለው ክፍተት በግምት ይሞላል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው በአስተናጋጁ ማንነት ላይ ነው።

በአንድ ስም ሥር ስንት መዥገር አለ?

ይህን ጥያቄ በግልጽ ያነሡት የዘረ መል ጥናቶች ናቸው። ካረን ማኮይና ባልደረቦቿ በ2001 ባሳተሙት ሥራ ኪቲዌክና ፓፊን የተባሉ ሁለት ወፎች በአንድ አካባቢ ጎን ለጎን በሚራቡበት ስፍራ መዥገሮቻቸውን አነጻጸሩ። መዥገሮቹ ሁሉ በቅርጻቸው ኢክሶደስ ዩሪዬ ነበሩ፤ በዘረ መላቸው ግን እንደ አስተናጋጃቸው ተለያይተው ተገኙ። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የደቡብ ንፍቀ ክበብ ፔንግዊኖችን መዥገሮች መርምሮ፣ በኒው ዚላንድ በኩል ያሉት ከአውስትራሊያ በኩል ካሉት ተለይተው እንደቆዩና ውቅያኖስ ማቋረጥ ብርቅ እንደሆነ አሳይቷል።

ይህ ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም እሱም ቢሆን ያለ ምዘና ሊወሰድ አይገባም። በኢክሶደስ ዩሪዬ ላይ በፍጥነት የሚለወጡት የዘረ መል ክፍሎች ያሳዩት ልዩነት በሚቶኮንድሪያ ዘረ መል ላይ በዚያው ልክ ጎልቶ አልታየም፤ ይህም መለያየቱ የቅርብ ጊዜ መሆኑን ያመለክታል። በየአስተናጋጁ የተገኘውን ቡድን ሁሉ ቸኩሎ አዲስ ዝርያ ብሎ መሰየም አሮጌውን ስሕተት በአዲስ መሣሪያ መድገም ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ቡድኖቹን «የአስተናጋጅ ዘሮች» ብለው በመጥራት አዲስ ስም ከማውጣት መታቀባቸው ሊመሰገን የሚገባው ጥንቃቄ ነው።

በለስላሳዎቹ ዘንድ ይህን ያህል ጥንቃቄ አይታይም። አንዱ ካፔንሲስ በአንድ ደራሲ ኦርኒቶዶሮስ፣ በሌላው ካሪዮስ፣ በሦስተኛው አሌክቶሮቢየስ ተብሎ ይጻፋል። እያንዳንዱ አቋም የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ስለ አንድ መዥገር የተጻፈውን ማስረጃ የሚፈልግ ሐኪም ሦስቱንም ስሞች ካላወቀ ከጽሑፎቹ ከፊሉን ሳያይ ይቀራል። የሊቃውንት ክርክር ዋጋውን የሚያስከፍለው በክርክሩ ያልተሳተፈውን አንባቢ ነው።

ስሙ ወደ ሕክምና ሲሻገር

የስሙ ጉዳይ ለሕክምና ያለው ክብደት በላይም በሽታ ታሪክ ላይ ይታያል። በ1993 ኦልሰንና ባልደረቦቹ አጥቢ እንስሳት በሌሉበት የባልቲክ ደሴት ከባሕር ወፎች በተለቀሙ ኢክሶደስ ዩሪዬ መዥገሮች ውስጥ የላይም በሽታ ቦሬሊያ አገኙ። በ1995 ደግሞ ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ በተሰበሰቡ መዥገሮች ውስጥ የቦሬሊያ ጋሪኒ አንድ ዓይነት የፍላጀሊን ጂን ቅደም ተከተል እንዳለ አስታወቁ። በሽታው ያለ አይጥና ያለ አጋዘን በባሕር ወፎች መካከል ሊዘዋወር እንደሚችል ማሳየታቸው ትልቅ ሥራ ነበር። በ1999 ከፋሮ ደሴቶች ፓፊኖችና መዥገሮቻቸው ሕያው ባክቴሪያ መለየቱም ግኝቱን አጠናክሮታል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «መዥገሩ በሁለቱም ዋልታዎች አንድ ስለሆነ አደጋውም አንድ ነው» ብሎ መደምደም የማያስኬድ ዝላይ ነው። የባክቴሪያው መመሳሰል ባክቴሪያው እንደተጓዘ ይመሰክራል፤ መዥገሩ ስለመጓዙ ግን ምስክር አይሆንም። የመዥገሩ ዘረ መል የሚናገረው ደግሞ ተለያይተው የሚኖሩ ቡድኖች እንዳሉ ነው። ባክቴሪያውን ተሸክማ የምትሻገረው ወፏ ልትሆን ትችላለች። እያንዳንዱ ቡድን ባክቴሪያውን በእኩል መጠን ያስተላልፋል ወይ የሚለው ጥያቄም በስም አንድነት ብቻ የሚመለስ አይደለም። በተጨማሪም በመዥገር ውስጥ የተገኘ ዘረ መል መዥገሩ ደም መጥጦ እንደነበር ብቻ ሊያመለክት ስለሚችል፣ አስተላላፊነትን ለማረጋገጥ የተለየ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው፣ ጥሩ መለየት ሕመምተኛን እንዴት እንደሚጠቅም የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ በምትገኘው ዚርቃ ደሴት የነዳጅ ሠራተኞች በመዥገር እየተነከሱ በማሳከክ፣ ቆዳን ውኃ በማስቋጠርና በትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። ሆግስትራል በ1969 ኦርኒቶዶሮስ ሙሴቤኪ ብሎ የገለጸው የባሕር ወፎች ለስላሳ መዥገር ተጠያቂ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚሁ መዥገርም ዚርቃ ቫይረስ ተለየ። ስሙ ለአንድ ሊቅ መታሰቢያ የወጣ በመሆኑ ስለ አስተናጋጁ ምንም አይናገርም፤ የእጩ፣ የታዳጊውና የሕይወት ዑደቱ ገለጻ ግን በ1970 ተሟልቶ ስለቀረበ የሚቀጥለው ሐኪም የሚመካበት ሥራ ሆኗል።

ትምህርቱ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1955 የወጣ ጥናት የተስቦ መንሥኤ የሆነውን ሪኬትሲያ ከአገሪቱ የቤት እንስሳትና ከመዥገሮቻቸው መለየቱን ሲገልጽ፣ የቅማሉ በሽታ በመዥገርም ይተላለፋል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር። በ1973 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የታተመው የቡርግዶርፈርና የባልደረቦቹ ፍለጋ ግን ይህን አላረጋገጠም፤ የተገኙት የነጠብጣብ ትኩሳት ቡድን ሪኬትሲያዎች ነበሩ። የመዥገሩና የተሕዋሲው ማንነት ሁለቱም በየፊናቸው ካልተጣሩ የአንዱ ስሕተት ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

የባሕር ወፎች መዥገሮች ጽሑፍ ሲመዘን እንግዲህ ብርታቱ በናሙና ጥራት፣ ድክመቱ በስም ላይ በተጣለው እምነት ላይ ነው። ከጤና ባለሙያው የሚፈለገውም ከባድ አይደለም። መዥገሩ የአፉ ክፍሎች ሳይሰበሩ ተነቅሎ በፎርማሊን ሳይሆን በአልኮል ቢቀመጥ፣ ከጠርሙሱ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቦታ፣ ቀንና የተገኘበት አካል ቢኖር፣ ከሕመምተኛው ምልክት ጋር የተያያዘ መዝገብ ቢጠበቅ፣ ነገ በሌላ ስም የሚጠራው ሊቅም ሆነ ዘረ መሉን የሚያነበው ላቦራቶሪ ተመልሶ ሊያጣራው ይችላል። ናሙናው ከሌለ ግን በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ስም ብቻ ነው፤ ስም ብቻውን ደግሞ ምርመራ አይሆንም።