የላይኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጀትና በመዝገብ ያልሰፈረው ስንቅ

የአንድ አገር የትምህርት ወጪ ሲገመገም ዘወትር የሚቆጠረው ከመንግሥት ካዝና የወጣው ገንዘብ ነው። ይህ አቆጣጠር ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ ለሚማረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያን ያህል አያሳስትም። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ግን የጎደለ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በሚገኙት ጎዛምን፣ ስናን፣ አነደድና ማቻከል እንደሚታየው፣ ብዙ የገጠር ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። እንጀራው፣ ዳቦው፣ በሶውና ማገዶው ከገበሬው ጎተራና ጓሮ ይመጣል። ይህ ሁሉ የትምህርት ወጪ ቢሆንም በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይገኝም።

ነገሩ ከጥንት እንዲህ አልነበረም። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡት ጥቂት ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ ይበሉና ያድሩ ነበር። በአንጻሩ በ1940 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተደረገ። የታችኛውን ደረጃ ወጪ ገበሬው በግብሩ ሲሸከም፣ የላይኛውን ግን መንግሥት ይችል ነበር ማለት ነው። የተማሪው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ አዳሪነቱ ቀረ፤ ወጪው ግን አልቀረም፤ ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ ወደ ወላጅ ትከሻ ተዛወረ።

በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃኑ ለማዳረስ ሲባል የላይኛው ደረጃ ዕድገት በልክ እንዲያዝ ሐሳብ አቀረበ። የመምህራንና የተማሪዎች ተቃውሞ በ1966 ዓ.ም. ስለገነፈለ ዕቅዱ ቢቀርም፣ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ያለውን ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አለፈ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በበኩሉ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ እስከ 10ኛ ክፍል ቅድሚያ እንዲያገኝና ከዚያ በላይ ወጪ መጋራት እንዲኖር ደነገገ። በዚህም 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ተብለው ለብቻቸው ቆሙ፤ በ2007 ዓ.ም. ገደማም በዕድሜው ለዚህ ደረጃ ከደረሰው ወጣት የተማሪው መጠን ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበር።

የፖሊሲው ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። አገሪቱ ድሃ ስለሆነች ከጥቂቶች ይልቅ ለብዙዎች ማውጣት ፍትሕ ነው ይላሉ። ነገር ግን አፈጻጸሙ ከዚህ መርሕ ጋር አልተስማማም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ከመንግሥት ወጪ አንድ አራተኛ ገደማ ለትምህርት ሲውል፣ ከዚሁ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የከፍተኛ ትምህርት ድርሻ ነበር። ስለዚህ በታችኛውና በከፍተኛው መካከል ተጨንቆ የቀረው ሁለተኛው ደረጃ ነው።

ይህን ለመረዳት ከደብረ ማርቆስ መውጣት አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ከፌዴራል መንግሥት በጀት ተመድቦለት ለተማሪዎቹ መኝታና ምግብ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው ወጪ የመጋራት ሥርዓት መሠረትም ተማሪው ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ካገኘ በኋላ ነው። በዚያው ከተማ በኪራይ ክፍል የሚኖረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን ሁሉንም አስቀድሞ ከወላጁ እህል ይከፍላል። ደመወዝ ለሚጠብቀው ብድር ሲሰጥ፣ ገና ለፈተና ለሚቀመጠው ምንም አይሰጥም። መሰላሉ ከሥር ጎድሎ ከላይ የተሟላ ሆኗል።

የወረዳዎችም አቅም ይህን አያቃናም። በአማራ ክልል ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ ለወረዳ ይደርሳል። ከዚህ የሚበዛው ለደመወዝ ስለሚውል፣ ለቤተ ሙከራ፣ ለመጻሕፍትና ለጥገና የሚተርፈው አነስተኛ ነው። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ወቀሳው በአመዛኙ በተማሪውና በመምህሩ ላይ አረፈ። የገንዘብ አመዳደቡም ከወቀሳው ድርሻውን ሊወስድ ይገባዋል፤ ውጤቱን በገንዘብ እጥረት ብቻ ማሳበብ ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል።

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቶ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው አንድ እርከን መደረጉ መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም ወጪው አብሮ ከተቀላቀለ የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ችግር ይበልጥ ይሰወራል። ስለሆነም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ወጪ በወረዳ በጀት ውስጥ ተለይቶ ሊታይ፣ ከደመወዝ ውጭ ላለው ወጪ ዝቅተኛ መጠን ሊወሰን፣ ወላጅ ለኪራይና ለስንቅ የሚያወጣውም በየትምህርት ቤቱ ሊመዘገብ ይገባል። ይህ ከተመዘገበ በኋላ ነው አነስተኛ ማደሪያ መሥራት ይሻላል ወይስ ትምህርት ቤቱን ወደ ገጠር ማቅረብ የሚለው በስሌት ሊመለስ የሚችለው።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ መንገድ ሲዘጋ ስንቁም ይቋረጣል። የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ በጀቱ በቀድሞው አቆጣጠር ከተደለደለ፣ ወደ ክፍል የሚመለሰው የቤት ኪራይ መክፈል የቻለው ብቻ ይሆናል።