ስንጥቁን ማሳየት

«ጋሼ፣ አሁን የማሳይህን ነገር ለእማዬ እንዳትነግርብኝ» አለኝ የእህቴ ልጅ።

ያለነው ቨርጂኒያ፣ እሱ ቤት ነው። ከአውሮፕላን ከወረድሁ ገና አንድ ሌሊት ማደሬ ነበር። በዚያች ቅጽበት ያልጠረጠርሁት ነገር የለም። ዕዳ ይሆን? ትዳሩን ሊፈታ ይሆን? ሃይማኖት ለውጦ ይሆን? የጋራዡን በር ወደ ላይ ገፋና መብራት አበራ። መኪና የለም። በመኪናው ፋንታ ጉማጅ ግንድ ላይ የተደላደለ መስፍ፣ ግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉ ጉጠቶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከሰል የጠገበ ምድጃ።

«ብረት እቀጠቅጣለሁ» አለኝ፤ ሰው ገደልሁ በሚል ድምፅ።

ልጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እንጀራው ከመዶሻ ጋር አይገናኝም፤ የሚቀጠቅጠው ደስ ስለሚለው ብቻ ነው። ታዲያ ምኑ ይደበቃል? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ያገራችንን ገጠር የማያውቅ መሆን አለበት። እህቴና እኔ ያደግነው ጎጃም ነው። የመንደራችን ቀጥቃጭ የሚኖረው ዳር ላይ፣ ከሰው ተነጥሎ ነበር። እናቴ ማረሻ አስይዛ ስትልከኝ ሁለት ማስጠንቀቂያ ትሰጠኛለች፤ እዚያ ቤት ውሃ እንዳትጠጣ፣ ስትበላም እንዳያይህ። ማረሻችንን አሹሎ የሚያበላንን ሰው «ይበላናል» ብለን እንፈራው ነበር። ልጁ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ይማራል፤ አግዳሚው ላይ ብቻውን ይቀመጣል። እኔም አብሬው ተቀምጬ አላውቅም።

የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ቃል ማሳደድ አይለቀውምና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። «ጠይብ» የምንለው ስድብ የግዕዙ «ጠቢብ» ዘመድ ነው። ጠቢብ ስንል ሰሎሞንን እናስባለን፤ ጠይብ ስንል ልጆቻችንን እንሸሽጋለን። አንዱን ቃል አክብረን መድረክ ላይ አወጣነው፣ ወንድሙን ግን ከመንደር አስወጣነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ይኸው ከመቶ ዓመት አለፈው፤ የእህቴ ልጅ ግን ውቅያኖስ ተሻግሮም መዶሻውን ከእናቱ ይደብቃል። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ለዘመናት በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ሲያገለግሉን፣ የከፈልናቸው ዋጋ «ቡዳ» የሚል ስም ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ታሪኩን በመገረም አወራነው። ስንት ዕውቀት አብሮ ተሳፈረ ብለን ግን አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ዕለት የእህቴ ልጅ ወደ ጓደኞቹ ወሰደኝ። በወር አንድ ቀን አንዱ ግቢ ይሰበሰባሉ። ጡረታ የወጣች ነርስ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ ተማሪ፣ በሁለት ትውልድ የሚበልጠው ሽማግሌ። አሜሪካም ይህ ሙያ በፋብሪካና በመኪና ተገፍቶ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አሌክስ ቢለር የሚባል ሥራው ማስታወቂያ የነበረ ሰው ከአሮጌ ቀጥቃጮች ያገኘውን ዕውቀት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሐፍ አሳተመ። በ1973 ደግሞ ጥቂት ሰዎች ጆርጂያ ውስጥ ላምፕኪን በምትባል ከተማ ተገናኝተው ዛሬም ያለውን የሰሜን አሜሪካ የአንጥረኞች ማኅበር መሠረቱ። ሙያውን ከጉድጓድ አፍ ከመለሱት ብዙዎቹ እንጀራቸው ሌላ የሆነ ሰዎች ናቸው።

ስብሰባቸው እንደ እኛ ዕቁብ የራሱ ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አሮጌ ሞረድ፣ ጉጠት፣ ራሱ የሠራው መንጠቆ። ዕጣ ይወጣበታል፤ የዕጣው ገንዘብ ለማኅበሩ ከሰል መግዣ ይሆናል። አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ ገና መዶሻ ሳይጨብጥ የሚነገረው ነገር አለ፤ ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ እንዳታስገባ። ጭሱ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ሲብስም ይገድላል። ይህን ለእኔ ለእንግዳው ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ መጥተው ነገሩኝ። የቤታችን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ መሆኑን ያን ቀን ነው ያሰብሁት።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። ተማሪው ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ አወጣ። ስለቱ ላይ ከጫፍ እስከ መሐል ስንጥቅ አለው። ሳምንት ሙሉ የደከመበት ነው። እኔ ብሆን እቀብረው ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛ ላይ አኖረውና «ተሰነጠቀብኝ» አለ። ማንም አልሣቀም። ሽማግሌው አንሥቶ በብርሃን አገላበጠው።

«ብረቱ ከምን ነው?»

«ከመኪና ባሌስትራ።»

«ምን ውስጥ ነከርኸው?»

«ውሃ ውስጥ።»

«እንግዲያ እሱ ነው። ባሌስትራ ሞቅ ያለ ዘይት ነው የሚወደው። ውሃ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ሲጎተት ይተረተራል።»

ይህን ብሎ ከራሱ ሣጥን ሦስት የተሰነጠቁ ስለቶች አውጥቶ ከልጁ ቢላዋ ጎን ደረደራቸው። የራሱ ውድቀቶች ናቸው፤ ለማስተማሪያ አስቀምጧቸዋል። ነርሷ ግን አልተዋጠላትም። «መጀመሪያ ስታግለው ምን ያህል ቀላ?» ብላ ልጁን ጠየቀችው። ልጁ ወደ ብርቱካን ቀለም ማለፉን ነገራት። «ማግኔትስ ሞክረህ ነበር?» አልሞከረም። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማግኔት አይዘውም፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ማግኔት ያስጠጋል፣ መያዙን ሲተው ጥቂት ጨምሮ ይነክረዋል። ልጁ ከዚያ በጣም አልፏል ባይ ነች። ሽማግሌው ውሃው ነው አለ፣ እሷ እሳቱ ነው አለች። እኔ ይህን ጊዜ የሚከተለውን ጠበቅሁ። ባገሬ የሚከተለውን አውቀዋለሁና።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ቢላዋውን ሞርሳ ላይ አሰሩና በመዶሻ ሰበሩት። ስብራቱን ተቀባብለው አዩት። በልክ የጋለ ብረት ሲሰበር ውስጡ እንደ ግራጫ ከፋይ ለስላሳ ነው፤ ከልክ ያለፈ ደግሞ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። የልጁ ስኳር ነው። ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። «እኔ ውሃውን ብቻ ነበር የጠረጠርሁት። እሳቱም ነው። ዛሬ ተማርሁ» አለ። ቡና ቀዱና ሌላ ጨዋታ ጀመሩ። አበቃ።

እኔ እነሱ ቡና ሲጠጡ ቆሜ ቀረሁ። ያየሁት ነገር ሃያ ዓመት ያህል ሳስተምረው የኖርሁት ትምህርት ነበር፤ ሂስ። ሥራውን ማየት፣ ስለ አሠራሩ መጠየቅ፣ ግምትን ማስቀመጥ፣ ግምቱን ከማስረጃው ጋር ማጋጨት፣ ማስረጃው ሲፈርድ መቀበል። በጥቁር ሰሌዳ ጽፌዋለሁ፤ በፈተና ጠይቄዋለሁ። በሥራ ላይ ሲውል ግን እንዲህ ጥርት ብሎ ያየሁት ከሰል የነካካቸው ሰዎች መሐል ነው።

እኛ ዘንድ ሂስ የሚለው ቃል ዕድሉ ጠማማ ነው። በደርግ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» ተብሎ ስብሰባ ውስጥ ገባና ሰው ራሱን እንዲከስ የሚገደድበት ችሎት ሆነ። ቀጥሎ ስሙ «ግምገማ» ተባለ። ስንጥቅህን አሳይ ትባላለህ፤ ስታሳይ በስንጥቅህ ትሰበራለህ። ከዚህ የተማርነው ትምህርት አንድ ነው፤ አታሳይ። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ሂስ አቅራቢ ተብሎ የተጋበዘው ሰው ሠርገኛ የሚያሞግስ እስኪመስል ያወድሳል፤ በሳምንቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ያንኑ መጽሐፍ ይቦጭቀዋል። ደራሲው ከሁለቱም አይማርም። መጽሐፉ የቱ ጋ እንደጋለ፣ የቱ ጋ ቀዝቅዞ ሳለ እንደተቀጠቀጠ የሚነግረው የለም። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው እያልን እንተርታለን እንጂ መጋሉን የምንፈትሽበት ማግኔት አላበጀንም።

እርግጥ አንድ ሰው ተነሥቶ «አንተ ሰውዬ፣ እነዚያ እኮ ለመዝናናት ነው የሚቀጠቅጡት፤ ልጆቻቸው በቢላዋው ሽያጭ አይበሉም። ለጋስነት ለእነሱ ርካሽ ነው» ቢለኝ እውነት አለው። ይህን ሙግት ይዤ ነው እንደተመለስሁ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሄድሁት። ከባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ የሚሠራ፣ በዕድሜ የምንቀራረብ ሰው አገኘሁ። እንደ አዋቂ ሆኜ የዘይቱን ነገር ጀመርሁለት። ጨርሼ ሳልናገር ፈገግ ብሎ ከእግሩ ሥር ያለውን የተቃጠለ ዘይት የሞላበት ጣሳ አሳየኝ።

«አባቴ ነው ያሳየኝ» አለ።

«ታዲያ ለሌላ ሰው አሳይተው ያውቃሉ?»

«ለጎረቤቴ ላሳየው? ነገ ደንበኛዬን ሊወስድ? ለሌላውማ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ሰው ዋጋ ነው የሚጠይቀኝ።» መዶሻውን አስቀምጦ ላቡን ጠረገና «እርስዎስ ሥራዎ ምን ነበር?» አለኝ።

«አስተማሪ።»

«አይ፣ የእርስዎስ ጥሩ ነው። ቢያሳዩም አይጎድልብዎት!»

ሰውየው ሲያሾፍብኝ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። እኔን ግን ምናለሽ ተራ መሐል አቁሞ ላብ አሰመጠኝ። አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ እኔ ስሰጠው የኖርሁትን የልቦለድ ኮርስ ሊረከብ ሲል፣ የማስተማሪያ ማስታወሻዬን እንዳውሰው ለምኖኝ ነበር። «ተበታትኗል፤ ላሰባስበውና» አልሁት። አልተበታተነም። መሳቢያዬ ውስጥ በፋይል ተሰድሮ ተቀምጧል። ልጁ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ከባዶ ተነሥቶ ደከመ።

ለምን? ገበያዬን አይወስድብኝም፤ ደመወዜ ያው ነው። ምክንያቱን ለራሴም ለብዙ ዘመን አልነገርሁትም። ማስታወሻው ውስጥ ስህተት ነበር። የአንድ ልቦለድ ተራኪን ጉዳይ በተሳሳተ መንገድ ተረድቼ፣ ለዓመታት እንዲያው አስተምሬዋለሁ። ስህተቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ቃሉን ዝም ብዬ ለወጥሁና ቀጠልሁ። ማስታወሻው ላይ ግን አሮጌው ጽሑፍ እንዳለ ነው። ወጣቱ እንዳያየው ፈራሁ። ቀጥቃጩ የሚደብቀው የሚያውቀውን ነው፤ ልጆቹ የሚበሉት በሱ ነዋ። እኔ የደበቅሁት ግን ያላወቅሁትን ነው። የእኔን ዓይነት ድብቅነት ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየመሳቢያው አየዋለሁ። ዕውቀታችን እንዳይሰረቅ አይደለም የምንቆልፈው፤ ቀዳዳው እንዳይታይ ነው።

ለምናለሽ ተራው ሰው የእንጀራውን ዋስትና ሳልሰጠው «ምሥጢርህን አካፍል» ብዬ ልሰብከው አልችልም። ደግሞም አያት ቅድመ አያቱን ዳር አስቀምጠን፣ ውኃቸውን ተጠይፈን ስናበቃ፣ ዛሬ «ለምን አላስተማራችሁንም?» ማለት ዓይን ማውጣት ነው። በቅድሚያ ቁጭ ብሎ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። የቨርጂኒያው ሽማግሌ የተሰነጠቁ ስለቶቹን በሣጥን ይዞ የሚዞረው ከእኛ የተሻለ ፍጥረት ስለሆነ አይመስለኝም። ሲያሳይ የሚያዋርደው ሰው በዙሪያው ስለሌለ ነው። ያን ዙሪያ ለመፍጠር አንድ ሰው ቀድሞ ማሳየት አለበት። የሚቀድመውም ወንበሩ የማይነቃነቅበት፣ ሽበት ያወጣው፣ ማዕረግ ያለው ሰው ቢሆን ይገባል። ተማሪውን «ስንጥቅህን አሳይ» ከማለቱ በፊት የራሱን ሦስት ስለት ጠረጴዛው ላይ ይደርድር።

ባለፈው ሳምንት ያን ባልደረባዬን ፈልጌ አገኘሁት። ዛሬ እሱም ሽበት ጣል አድርጓል። ፋይሉን ሰጠሁት፤ የተሳሳትሁበትን ገጽ በቀይ አስምሬበታለሁ። ገልጦ አየና «ይቺን እኔም እንዲሁ ነበር የተረዳኋት እኮ!» ብሎ ሣቀ። ሁለት ሰዓት አወራን። አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ልናወራው የምንችለው ነበር።

የቀረው የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። እህቴ ይህን ጋዜጣ ሳታነብ አትውልም። ስለዚህ ስልክ ደወልሁና ልጽፈው ነው አልሁት። ትንሽ ዝም አለ። «ጻፈው ጋሼ፤ ከአንተ ትስማው» አለኝ። እንግዲህ እህት ዓለም፣ ልጅሽ ብረት ይቀጠቅጣል። ጎበዝ ነው። ለአንቺም የሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ሠርቶ በእኔ ልኮልሻል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ነገ አመጣልሻለሁ።