የገደል ማሚቶ በ64 ባይት

«ሲስተም የለም።» ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሠራተኛ እንዲህ ሲል ያልሰማ የከተማ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የወረፋ ቁጥራችንን ጨብጠን ወደ ወንበራችን እንመለሳለን። ሠራተኛው አልዋሸም፤ የተናገረው ነገር ግን በጣም ሰፊ ነው። የታመመው ከጠረጴዛ ሥር በወንበር እግር የተረገጠው ኬብል ሊሆን ይችላል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያልተነሣው ስዊች ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ሲቆፈር የተበጠሰው ፋይበር ወይም ሌላ ከተማ ያለው ሰርቨርም ሊሆን ይችላል። ከመስኮቱ ሆኖ ለሚያይ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ዝም ብለዋል።

ይህን ዝምታ ለማናገር የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ሸማ የሚያውቅ ሰው ጥለቱን ከፊት አይቶ አይበቃውም፤ ገልብጦ ክሩ ከጀርባ እንዴት እንደተያዘ ይመለከታል። እኔም በነዚህ መሣሪያዎች ለዓመታት ስሠራ ኖሬ፣ ቆይቼ ነው ገልብጬ ያየኋቸው። ከዚያ ወዲህ አድናቆቴ አልበረደም።

መጀመሪያ ፒንግ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 በሜሪላንድ፣ አበርዲን በሚገኘው የአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ የሚሠራው ማይክ ሙስ ኔትወርኩ እንግዳ ጠባይ አመጣበት። ከወራት በፊት ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ ዴቭ ሚልስ የማሚቶ መልእክት እየላከ የመንገድን መዘግየት እንደለካ ሲናገር ሰምቶ ነበርና እሱን አስታወሰ። ማሚቶው በኢንተርኔት ደንብ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ «ይህን መልስልኝ» የሚል መልእክት የደረሰው ማሽን ያንኑ እንዳለ ይመልሳል። ሙስ ፕሮግራሙን ቶሎ ጻፈና ሞከረው፤ አልሠራም። የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት የሆነው ከርነል እንዲህ ያለውን መልእክት ለማሳለፍ አልተዘጋጀም። ተናደደና ከርነሉንም ራሱ አሻሻለው፤ ጎሕ ሳይቀድ ሁሉም ነገር ሠራ። የመጀመሪያዋን መልእክት ከመላኩ በፊት ግን ባልደረባው የተበላሸውን ዕቃ አግኝቶ ጠግኖት ነበር። ፒንግ የተወለደበትን ችግር ሳያይ ቀረ።

ስሙን ሙስ የወሰደው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከሚያሰማው የሶናር ድምፅ ነው። እኛ አገር ያደገ ልጅ ሶናር አያስፈልገውም። ገደል አፋፍ ቆሞ ጮኾ፣ ድምፁ ቶሎ ሲመለስ ማዶው ቅርብ፣ ሲዘገይ ሩቅ መሆኑን ያውቃል።

አሁን ገልብጠን እንየው። በተለመደው መጠኑ መልእክቱ 64 ባይት ነው፤ 8ቱ ዓይነቱ፣ መለያውና ተራ ቁጥሩ የሚጻፍበት ራስጌ፣ 56ቱ ሸክም። ሸክሙ ባዶ ቢሆን ማንም አይከፋውም ነበር። ሙስ ግን ከሸክሙ መጀመሪያ ላይ መልእክቷ የወጣችበትን ሰዓት ጻፈበት። ማዶ ያለው ማሽን የተቀበለውን እንዳለ የመመለስ ግዴታ ስላለበት መልእክቷ የራሷን መነሻ ሰዓት በጉያዋ ይዛ ትመለሳለች። ላኪው መዝገብ መያዝ፣ የትኛዋ መቼ ሄደች ብሎ ማስታወስ አያስፈልገውም፤ የያዘችውን ሰዓት አሁን ካለው ሰዓት ላይ ይቀንሳል፣ አበቃ። የሁለት አገር ሰዓት ማስተካከልም የለም፤ የወጣችበትንና የገባችበትን የሚለካው አንድ ሰዓት ነውና። ተራ ቁጥርም ታስራለች፤ 7ኛዋ መጥታ 8ኛዋ ሳትመጣ 9ኛዋ ከመጣች መንገድ ላይ የቀረችው የትኛዋ እንደሆነች ሳይጠየቅ ይታወቃል። ከዚህ ላይ ምን መቀነስ እንደሚቻል ብዙ ጊዜ አስቤ አላገኘሁም።

ሙስ ራሱ ከሰማቸው የፒንግ ታሪኮች ሁሉ ምርጡ ያለው አንድ ታሪክ አለ። አንድ ባለሙያ አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚቋረጥ ኔትወርክ አስቸገረው። የፒንግን መልስ ከድምፅ ማውጫ መሣሪያ ጋር አገናኘና ቢሮው ውስጥ ያለውን ስቴሪዮ ጆሮው እስከሚችለው ድረስ ከፍ አደረገው። ማሽኑ በየሰከንዱ «ፒንግ፣ ፒንግ» እያለ ሲጮኽ እሱ ሕንጻውን እየዞረ የኬብሎቹን ማያያዣ አንድ በአንድ ይወዘውዛል። ድምፁ ጸጥ ያለበት ቦታ ላይ ቆመ፤ የታመመው ማያያዣ እጁ ላይ ነበር።

ፒንግ ማዶው መኖር አለመኖሩን ይነግራል። ከሌለ ግን መንገዱ የት ላይ እንደተቆረጠ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ትሬስራውት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በካሊፎርኒያው የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ቫን ጃኮብሰን የስቲቭ ዲሪንግን ሐሳብ ተከትሎ የጻፈው። ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው።

በኢንተርኔት የሚጓዝ ፓኬት ሁሉ የተወሰነ ዕድሜ ይሰጠዋል። በየራውተሩ ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል፣ የጣለው ራውተርም «ዕድሜው አልቆ ጣልኩት» ብሎ ለላኪው ይልካል። ይህ የተሠራው መንገድ የጠፋበት ፓኬት ዘላለም እንዳይዞር ነው፤ ለሌላ አልታሰበም። ጃኮብሰን ሆን ብሎ አጭር ዕድሜ ሰጥቶ ላከው። ለአንድ ቀን ብቻ ስንቅ የተሰጠው ሲራራ ነጋዴ በመጀመሪያው ኬላ ይቆማል፤ የኬላው ዘበኛም «ሰውህ እኔ ዘንድ ቀርቷል» ብሎ ይልክበታል። የሁለት ቀን ስንቅ ይዞ የወጣው ነጋዴ ወሬ ከሁለተኛው ኬላ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የመንገዱ ኬላዎች ስም ከነርቀታቸው በተራ ይሰለፋል።

ጥልፉ የሚያምረው ግን ከዚህም ወዲያ ነው። ራውተሩ «ጣልኩት» ሲል ከጣለው ፓኬት ላይ የኢንተርኔት ራስጌውንና ከሱ ቀጥሎ ያሉትን 8 ባይቶች ቀድቶ ይመልሳል፤ ጥንታዊው ደንብ የሚያስገድደው ይህን ያህል ነው። ጃኮብሰን የመረጠው የመልእክት ዓይነት ደግሞ የራሱ ራስጌ ርዝመት ልክ 8 ባይት ነው፤ የመድረሻው በር ቁጥርም በዚያ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ከ33434 ጀምሮ ለእያንዳንዱ መልእክት የበሩን ቁጥር በአንድ አሳደገው። ወሬው ሲመለስ በቁራጩ ላይ ያለው ቁጥር የትኛው መልእክት እንደነበር ይናገራል። መጨረሻውም እንዲሁ ነው፤ እነዚያን በሮች የሚጠቀም ስለማይገኝ መልእክቱ በመጨረሻ ሲደርስ ባለቤቱ «እንዲህ ያለ በር የለኝም» ይላል፤ በዚህም መድረሱ ይታወቃል። ካርታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠራው በእምቢታ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ራውተሮች አንዱ እንኳ እንዲለወጥ አልጠየቀም።

ትሬስራውት የሚያወጣውን ዝርዝር ማንበቡም የራሱ ሙያ አለው። በመሐል በመልስ ፈንታ ኮከብ (*) ብቻ የታየበት ራውተር ሞቷል ማለት አይደለም፤ መልስ እንዳይሰጥ የታዘዘ ራውተር አለ። ሦስተኛው ራውተር ላይ 200 ሚሊሰከንድ ታይቶ አራተኛውና አምስተኛው 20 ከሆኑ ሦስተኛው ለመመለስ ሰነፈ እንጂ መንገዱ አልዘገየም። ይህን ሳይለዩ ለኢንተርኔት አቅራቢው ደውለው የሚቆጡ ብዙዎች ናቸው።

ሁለቱ መሣሪያዎች የሚናገሩት ያለንበትን ደቂቃ ነው። ትናንትን የሚያስታውስ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቶቢ ኦቲከር በእንግሊዝ፣ ሌስተር በሚገኘው የዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሳለ መላው ግቢ በአንድ የ64 ኪሎቢት መስመር ይጠቀም ነበር። እሱም ኤምአርቲጂ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ በየ5 ደቂቃው ራውተሩን «እስካሁን ስንት ባይት አሳለፍክ?» ብሎ ይጠይቅና ይስላል። የሚገርመው አረሳሱ ነው። የቅርቡን ቀን በ5 ደቂቃ፣ ሳምንቱን በ30 ደቂቃ፣ ወሩን በ2 ሰዓት፣ ዓመቱን በቀን አማካይ ይይዛል። መዝገቡ ስለዚህ አያብጥም፤ የትናንቱን በዝርዝር፣ የአምናውን በጥቅሉ እንደሚያስታውስ ሽማግሌ ነው።

ፒንግንና ኤምአርቲጂን በአንድ ከሰዓት በአንድ እጅ ሲሠሩ ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። ከዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ቅርንጫፉ ሰነድ ይከፍታል፤ መግቢያ ገጹ ይመጣል፣ ስምና የይለፍ ቃል ይቀበላል፣ ሰነዱ ሲጠየቅ ግን ይንጠለጠላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ «መስመሩ ጠቦ ነው» ተብሎ መስመር ለማስፋት ደብዳቤ ተጽፏል። የተላከችው ወጣት ባለሙያ ደብዳቤውን አላነበበችም። መጀመሪያ ግራፉን ከፈተች፤ መስመሩ ከአቅሙ ሲሶውን እንኳ አልነካም። ጠቦ አይደለም ማለት ነው። ቀጥላ ከሰርቨሩ ወደ ቅርንጫፉ ፒንግ አደረገች፤ 64 ባይቶቹ ሄደው መጡ፣ አንዲትም አልጠፋች።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኔትወርኩ ጤነኛ ነው» ብሎ ይነሣል። እሷ ወንበሯን ሳበች። ትንሿ ካለፈች ትልቋስ? ፒንጉን «እንዳትቆራርጡኝ» የሚል ምልክት አሰረችበትና ሸክሙን 1472 ባይት አደረገችው፤ የራሱ ራስጌና የኢንተርኔት ራስጌው አብረው ከሚሆኑት 28 ባይት ጋር ልክ 1500 ይመጣል፣ ተራው የቢሮ ኔትወርክ የሚሸከመው ከፍተኛ መጠን። ዝም። 1400 ሞከረች፣ መልስ መጣ። 1440፣ መጣ። 1466፣ ዝም። 1464፣ መጣ። 1465፣ ዝም። በማስታወሻ ደብተሯ ጥግ ቁጥሮቹን በእርሳስ አንዱን ከአንዱ በታች እየጻፈች፣ ስትሮጥም ስትቸኩልም አላየኋትም።

«ጋሼ፣ ይዩት» አለችኝ። «1464 ላይ 28 ሲደመር 1492። ቅርንጫፉ በስልክ መስመር ነው የሚገባው፤ መስመሩ ለራሱ 8 ባይት ይወስዳል። ይሄ ችግር አይደለም፣ ያለ ነው። መንገድ ላይ ያለው ራውተር ‹በዝቶብኛል፣ አሳንሰህ ላክ› ብሎ ለሰርቨሩ መላክ ነበረበት። ልኳልም። መልእክቱ ግን አልገባም።»

ማን እንደከለከለው ለማግኘት አልዘገየችም። ከወራት በፊት «ለጥንቃቄ» ተብሎ የዋናው ቢሮ ፋየርዎል ከፒንግ መልስ በቀር ፒንግና የራውተሮች የእምቢታ መልእክቶች ያሉበትን ቤተሰብ በሙሉ እንዲጥል ተደርጎ ኖሯል። ሰርቨሩ ትልልቅ ፓኬቶችን ይልካል፣ እነሱ ይጣላሉ፣ የመጣላቸው ወሬ ከደጃፉ ይመለሳል፣ ሰርቨሩም ምንም ሳይሰማ ያንኑ ይደግማል። ጥንቃቄ የተባለው ነገር ኬላው ላይ ወሬ ነጋሪውን ማሰር ነበር። ይህ ስህተት በብዙ ቢሮ አለ፤ የሚያስከፋኝም ያለ ክፋት ስለሚሠራ ነው። ጃኮብሰን ካርታ የሠራው በእነዚህ የእምቢታ መልእክቶች መሆኑን ያየ ሰው በጅምላ አይዘጋቸውም።

አንዲት መስመር ጨመረች፤ «አሳንሰህ ላክ» የሚለው የሚገኝበት፣ ዓይነት 3 የሚባለው መልእክት እንዲገባ። 1472ን ደግማ ላከችው። አሁንም አላለፈም፤ ማለፍም የለበትም፤ ግን ዝም አላለም። ከመንገድ ላይ «መቆራረጥ አለበት፣ የምችለው 1492 ነው» የሚል መልስ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ቅርንጫፉ ደወለ፤ ሰነዱ ተከፍቷል። ስለ መስመር ማስፋቱ ደብዳቤ ምን ይሁን ብለው አለቃው ጠየቋት፣ «እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራዋ ገና አላለቀም ነበርና። ከቦርሳዋ ነጭ ፕላስተር አውጥታ ቆረጠች፣ በማርከር «ቅርንጫፍ፦ ፒንግ እስከ 1464። ዓይነት 3ን እባክዎ አይዝጉ» ብላ ጻፈች፣ ቀኑን ጨመረችበት፣ አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ ከፋየርዎሉ ጎን ለጠፈችው። ከዚያም ጥጉ እንዳይነሣ በጥፍሯ አራቱንም ማዕዘን ተጫነችው።