ስለ ስላይድ ፕሮጀክተር አመራረጥና አያያዝ፤ አጭር ሒስ

በየትምህርት ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ያሉት የቀለም ስላይዶች ብዙ ጊዜ የሚታሰቡት እንደ ማስተማሪያ ዕቃ እንጂ እንደ ጥናት ማስረጃ አይደለም። ይሁን እንጂ ስላይድ ከተራው ፎቶግራፍ የሚለይበት ዋና ጠባይ አለው። ተራው ፎቶግራፍ ቢበላሽ ከኔጋቲቩ እንደገና ይታተማል፤ ስላይድ ግን በካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ ስለ ሆነ ኔጋቲቭ የለውም። እንግዲህ ፕሮጀክተር ስንመርጥ «ምን ያህል አድምቆ ያሳያል?» ብቻ ሳይሆን «ስላይዱን ምን ያደርገዋል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የተለመደው አስተያየት የአምፑሉ ዋት በበዛ ቁጥር መኪናው የተሻለ ነው የሚል ነው። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሥዕሉን የሚያሳየን ብርሃን ቀለሙንም የሚበላው እርሱው ነው። ሄንሪ ዊልሄልም ከካሮል ብራወር ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው የቀለም ፎቶግራፍን ዘላቂነት በሚመረምር መጽሐፍ እንደ ተገለጠው፣ ኮዳክሮም የተባለው ፊልም በጨለማ ሲቀመጥ ቀለሙን ለረዥም ዘመን ይጠብቃል፤ በፕሮጀክተር ብርሃን ፊት ግን ከኤክታክሮምና ከፉጂክሮም ፈጥኖ ይደበዝዛል። በደኅና ተቀምጦ የኖረው ስላይድ በማሳየት ብዛት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ስላቆመ፣ ዛሬ የሚገኘው ካሩሰል ሁሉ ያገለገለ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንደሚባለው በሻጩ ጠረጴዛ ላይ መብራቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ገዢው ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ በአምፑሉና በስላይዱ መካከል ያለው ሙቀት ከልካይ መስታወት በቦታው መኖሩንና አለመሰንጠቁን ይይ። ሁለተኛ፣ ጥቃቅን ጽሕፈት ያለበት ዋጋ ቢስ ስላይድ አስገብቶ አንድ ደቂቃ ያቆየው፤ ስላይድ ሲሞቅ መኻሉ ስለሚጎብጥ፣ ጥራቱ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ከሆነ ማቀዝቀዣው ደካማ መሆኑን ይጠርጥር። ሦስተኛ፣ ያለ ስላይድ ብርሃኑን ግድግዳ ላይ ጥሎ ዳሩና መኻሉ እኩል መብራቱን ይመልከት።

ለአገራችን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ለአሜሪካ የተሠራው መኪና 120 ቮልትና 60 ሄርትዝ ይፈልጋል፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ሄርትዙን አይለውጥም። ስለዚህ የማራገቢያው ሞተር እስከ አንድ ስድስተኛ ድረስ ዝግ ብሎ ሊዞር ይችላል፤ የዚህንም ዕዳ የሚከፍለው ስላይዱ ነው። በጀርመን አገር የተሠራውና ባለ 24 ቮልት፣ 250 ዋት አምፑል የሆነው ካሩሰል ኤስ ኤ ቪ ለእኛ ይበልጥ ይስማማል።

አያያዙ ከባድ አይደለም። የሃሎጅን አምፑል በባዶ ጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት በግለት ጊዜ መስታወቱን ይጎዳል። አምፑሉ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ ይዙር። የአየር መግቢያው ከአቧራ ይጠረግ። የካርቶን ፍሬም ያላቸው ስላይዶች በ140ው ሳይሆን ሰፋ ባለው የ80 ትሪ ይደርደሩ። ስላይድ ቢቀረቀር በግድ አይጎተት፤ በካሩሰል ትሪ መኻል ያለውን ቡሎን በሳንቲም አዙሮ ትሪውን ማንሣት ይቻላል።

አንዳንዶች «ሁሉም በስካነር ወደ ኮምፒውተር ከገባ ፕሮጀክተር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ስካን ማድረጉ ተገቢ ነው፤ ለዕለት ትምህርትም ቅጂው ይበቃል። ነገር ግን ቅጂው ትክክል መሆኑ የሚመሰከረው ከዋናው ጋር ሲተያይ ነው። ዋናውን ለመመርመር ደግሞ የማይጎዳው መኪና ያስፈልጋል። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ዋናዎቹን ስላይዶች በደረቅና ቀዝቃዛ ጨለማ ቦታ ቆልፈው፣ ለክፍል ቅጂዎችን እንዲያሳዩ፣ አንድ በሚገባ የተመረመረ ፕሮጀክተርም ለምርምር ብቻ እንዲያቆዩ እናሳስባለን። የደበዘዘ ቀለም በአሳቢነት ብዛት አይመለስምና።