አራቱ መብራቶች ስለሚሰጡት ምስክርነት
(ስለ ባትሪ መለኪያዎች የቀረበ ሂስ)

በኢሉባቦር ገጠር የሶላር መብራት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ከባትሪው በፊት መመርመር የሚገባው የሙሊቱን መጠን የሚነግረን መለኪያ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ከመቱ አጠገብ በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ቢኖርም፣ ከመስመሩ ርቀው የሚገኙ ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በሶላር ባትሪ ይጠቀማሉ። ባለፈው ክረምት እንዲህ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አምሽቼ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በመቆጣጠሪያው ላይ ያሉት አራት አረንጓዴ መብራቶች ሁሉም በርተው ነበር፤ ትርጓሜያቸውም «ሞልቷል» ማለት ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግን አንዲት እናት በምጥ ላይ ሳለች ክፍሉ ጨለመ። አዋላጇ ሥራዋን የፈጸመችው በስልክ መብራት ነው። እናትና ልጅ በደኅና ወጡ። በማግሥቱ የሁላችንም ፍርድ «ባትሪው ሞቷል፣ ይለወጥ» የሚል ሆነ፤ እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ነበርሁ።

ፍርዱ የተሳሳተበት ምክንያት ይህ ነው። መለኪያው የሚለካው ቮልት ሲሆን፣ እኛ የምናነበው የተጠራቀመውን ኃይል ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ካረፈ በኋላ ሲለካ፣ ሙሉው 12.7፣ ግማሹ 12.2 ቮልት ያህል ያሳያል። ልዩነታቸው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ፀሐይ ሲያገኝ ግን ከግማሽ በታች ያለው ባትሪ እንኳ ከ13 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ጭነት ሲጫንበት ደግሞ ቮልቱ ስለሚወርድ፣ ኃይል ያለው ባትሪ ባዶ መስሎ ይታያል።

በዚህ ላይ የሽቦው ነገር ይጨመራል። ባትሪውና መቆጣጠሪያው 3 ሜትር ቢራራቁና የመዳቡ ስፋት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለስበት 6 ሜትር ሽቦ የ0.07 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። በ5 አምፔር 0.35 ቮልት ይጠፋል ማለት ነው፤ ይህም በሙሉና በግማሽ መካከል ካለው ልዩነት የሚበዛውን ይወስዳል። ማያያዣው ከዛገማ ጥፋቱ ይብሳል፤ መቆጣጠሪያው ሞልቷል ብሎ ባትሪው ሳይጠግብ ሙሊቱን ይቀንስበታል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ይግባ» ይላሉ። አሳባቸው መልካም ነው። በተለይ በሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ ከሙሊቱ በሚበዛው ክፍል ቮልቱ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ቮልት ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ ቆጣሪው እንደ ሱቅ ደብተር ነው፤ ገቢና ወጪ ይጽፋል፣ ሣጥኑን ከፍቶ ግን አያይም። ስሕተቱ 0.05 አምፔር ብቻ ቢሆን በቀን 1.2፣ በ20 ቀን 24 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ የ50 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ቆጣሪው ሒሳቡን የሚያርመው ባትሪው በእርግጥ ሲሞላ ነው። ጎሬና መቱ ግን ከኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች መካከል ናቸው። ደመናው ሳይገለጥ ሲሰነብት ባትሪው አይሞላም፣ ስሕተቱም አይታረምም። ስለዚህ መሣሪያው ይበልጥ የሚሳሳተው ይበልጥ በምንፈልገው ወራት ነው።

ለአራቱ መብራቶች መከራከሪያ አለ፤ ርካሽ ናቸው፣ ፊደል ያልቆጠረም ያነባቸዋል። ይህን አላቃልልም። ነገር ግን በማያውቁት ነገር እርግጠኛ መስለው ይናገራሉ፤ ወቀሳዬም በዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ባትሪ ከመለወጡ በፊት የሚከተለው ቢደረግ ይበጃል። መጀመሪያ ፓነሉንና ጭነቱን ነቅሎ ባትሪውን ጥቂት ሰዓት ማሳረፍና በራሱ በባትሪው ጫፎች ላይ ቮልቱን መለካት፤ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ አሲዱን በሃይድሮሜትር ማየት፤ ማያያዣዎቹን ማጽዳትና ማጥበቅ፤ ቆጣሪውን አልፎ በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ሽቦ መኖሩን መፈለግ፤ ቀጥሎም ባትሪውን ፈጽሞ ሞልቶ ቆጣሪውን ማረም። በመጨረሻ ልኩ የታወቀ ጭነት ጭኖ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መቁጠር። ያረጀ ባትሪ በትክክል የሚታወቀው በዚህ ነው።

በዚያ ጤና ጣቢያ ይህን ስናደርግ አንደኛው ማያያዣ ዝጎ፣ ከባትሪውም በቀጥታ የስልክ መሙያ ተቀጥሎ አገኘን። ጠርገን፣ ሽቦውን ነቅለን፣ በተዋስነው ቻርጀር ከሞላነው በኋላ «ሞቷል» የተባለው ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ አበራ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማሩን መምህር «ከማንበብህ በፊት የመሣሪያውን ዜሮ እይ» ይሉን ነበር። ያን ቀን ማታ ይህን ትምህርት ረስቼው ነበር። ሶላር የሚተክሉም ሆኑ የሚጠግኑ ባልንጀሮቼ ቢያንስ ባትሪው ፈጽሞ የሞላበትን የመጨረሻ ቀን በወረቀት ጽፈው ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ቢለጥፉ፣ አዋላጇ መብራቶቹን ምን ያህል ማመን እንዳለባት ታውቃለች።