ቀበቶ የሌለው ዕድገት፦ የዊንግ ቹን ሥልጠና ከጎንጅ ቅኔ ቤት አንጻር

ኩንግ ፉ በኢትዮጵያ ከተሞች የታወቀው በዋናነት በፊልም ነው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ተቀምጦ ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን ያየ ትውልድ ስለ ሥልጠናው የያዘው ሐሳብ ከዚያው የተቀዳ ነው፤ ወጣቱ ይበደላል፣ መምህር ፍለጋ ይሰደዳል፣ በጥቂት ደቂቃ ትዕይንት ጉልበቱ ይጠነክራል፣ ተመልሶ ይበቀላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጎርደን ሊዩ የተወነበት «የሻዎሊን 36ኛው ክፍል» ደግሞ ነገሩን በደረጃ ከፋፍሎ አሳየን፤ ተማሪው አንዱን ክፍል ሲያልፍ ሌላው ይከፈትለታል። ቆይተው የተስፋፉት የማርሻል አርት ክለቦች በዚህ ላይ ባለቀለም ቀበቶ ጨመሩ። መሰላሉም ቀበቶውም ነባሩን የኩንግ ፉ ትምህርት ይጋርዱብናል ባይ ነኝ። ያን ትምህርት ለመረዳት ለጎጃም ሰው የቅርብ ማነጻጸሪያ አለ፤ የቅኔ ቤት።

በመጀመሪያ የቀበቶው ምንጭ ይጥራ። ጃፓናዊው ካኖ ጂጎሮ የጁዶ ቤቱን ኮዶካንን እ.ኤ.አ. በ1882 መሠረተ፤ በዓመቱ የ«ዳን» ማዕረግ መስጠት ጀመረ። ካራቴና ቴኳንዶ የወረሱት ይህንኑ ነው። የቆዩት የቻይና ቤቶች ግን እንዲህ ያለ ማዕረግ አልነበራቸውም። የቻይና ውሹ ማኅበር ባለ ዘጠኝ እርከን የማዕረግ ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ከካኖ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። ስለዚህ በኩንግ ፉ ስም ቀበቶ የሚያስር ክለብ የሚከተለው በቅርብ የመጣ ልማድ እንጂ ጥንታዊ ሥርዓት አይደለም።

ታዲያ ያለ ቀበቶ ተማሪ ማደጉ በምን ይታወቃል? ለአብነት የደቡብ ቻይናውን ዊንግ ቹን እንውሰድ። ትምህርቱ በባዶ እጅ የሚሠሩ ሦስት ፎርሞች፣ ማለትም ቅደም ተከተላቸው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ድርድሮች፣ አሉት። የመጀመሪያው ሲዩ ኒም ታዎ ይባላል። ተማሪው እግሩን ከፍቶ፣ ጉልበቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ይቆማል፤ ከዚያ እስከ ፍጻሜው ከቆመበት አይነቃነቅም። እርምጃ የለም፣ ርግጫ የለም። እጆቹ ብቻ በዝግታ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ ክርኑ የደረቱን መሐል እንዲጠብቅ፣ ትከሻው እንዲላላ ይታረማል። ድብድብ ሊማር የመጣ ወጣት ወራት ሙሉ ቆሞ እጁን ሲያመላልስ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ብዙዎች የሚቀሩትም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ቹም ኪዩ፣ ወገብ ማዞርን፣ እርምጃንና ርግጫን ያመጣል። ሦስተኛው ቢዩ ጂ ነው። ቀጥሎ የእንጨት መለማመጃ ምሰሶው፣ ረጅሙ ዘንግና መንትያዎቹ ቢላዎች ይመጣሉ።

ቅደም ተከተሉን ብቻ ያየ ሰው «ይኸው መሰላል!» ሊል ይችላል። ነገር ግን ቢዩ ጂ የደረሰ ተማሪ ሲዩ ኒም ታዎን አይተወውም፤ የዘንግና የቢላ ተማሪም በየዕለቱ ወደ እሱ ይመለሳል። ዕድገቱ የሚታየው በያዘው የፎርም ብዛት ሳይሆን የመጀመሪያው ፎርም በሰውነቱ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው። ይህን የሚያጋልጠው ቺ ሳዎ የተባለው ልምምድ ነው። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አገናኝተው ያሽከረክራሉ፤ አንዱ በድንገት ሲገፋ ወይም ክፍተት ሲያገኝ ሌላው በቆዳው ሰምቶ መመለስ አለበት። ፎርሙን በቃሉ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ ይያዛል፤ የሚመጣበት ግፊት ከዚህ በፊት ያልመጣ ነውና።

አሁን ወደ ጎጃም ቅኔ ቤት እንሻገር። ጎንጅ ከዋሸራና ከዋድላ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሙ የገነነ ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው በሁለት ቤት በምትቋጨው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ወደ ክብር ይእቲና ዕጣነ ሞገር ይዘልቃል። ግሱንና አገባቡን ከየኔታና ከቀደሙት ተማሪዎች ይሰማል። ቀን ዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ይነግራል። ልኩ ተወስኗል፣ የቤቱ ቁጥር ተወስኗል፣ ዜማው ተወስኗል፤ ቅኔው ግን አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተነገረ ዛሬ አይደገምም። መወድስ የደረሰ ሰውም ከጉባኤ ቃና አይሰናበትም፤ በሁለት ቤት ሰምና ወርቁን አሳክቶ መቋጨት ሊቁንም የሚፈትን ሥራ ነው።

ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙት እዚህ ነው። ልኩ አይለወጥም፣ የሚሞላው ነገር ግን በየጊዜው አዲስ ነው፤ መምህሩም የሚመዝነው ተማሪው በልኩ ውስጥ ያልተዘጋጀበትን ሲያመጣ ነው። በሁለቱም የቀደመ ተማሪ ጀማሪውን ያቃናል። ዕውቁ የዊንግ ቹን መምህር ኢፕ ማን ራሳቸው በፎሻን ከተማ ልጅ ሳሉ ቻን ዋ ሹን ዘንድ ገብተው፣ መምህሩ ሲሞቱ ትምህርታቸውን የቀጠሉት ከመምህሩ ታላቅ ደቀ መዝሙር ከንግ ቹንግ ሶክ ነው።

ልዩነታቸው ግን ከመመሳሰላቸው ይልቅ ያስተምረኛል። የቆሎ ተማሪ ይዞራል። አንድ መምህር ዘንድ ተቀኝቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የሌላውን ቤት መንገድ ሊቀምስ ይሄዳል፤ ይህም እንደ ክህደት አይቆጠርበትም፣ ይልቁንም የሊቅነቱ ማስረጃ ነው። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ቃል የጻፉት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» (1959 ዓ.ም.) የዚህ ዓይነቱ ሕይወት ሰነድ ነው። በነባሩ ኩንግ ፉ ግን ደቀ መዝሙር ለመምህሩ ሻይ አቅርቦ ሲሰግድ የቤተሰብ ልጅ ይሆናል፤ ሳያስፈቅዱ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ነውር ነው። መምህሩም የመጨረሻውን ዕውቀት ለተመረጡት ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰድደው በ1950 በምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ማስተማር የጀመሩት ኢፕ ማን ቢላውን ያሳዩት ለጥቂቶች ብቻ ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ብሩስ ሊም ሥርዓቱን ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አሜሪካ ሄዷል።

ምስጢር ማስቀረት ዘመኑ የጠየቀው ጥንቃቄ ነበር የሚሉ አሉ፤ የሚካድ አይደለም። የትግል ጥበብ በባላንጣ እጅ ከገባ ሕይወት ያስከፍላል፤ ቅኔ ግን ቢሰማ አይጎዳም። ሆኖም ዋጋው ከባድ ነው። ኢፕ ማን እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሞቱ «እውነተኛው ትምህርት ማን ዘንድ ነው?» የሚለው ክርክር ለአሥርተ ዓመታት ደቀ መዛሙርታቸውን ከፋፈለ። ክርክሩ የሚመለሰው ማን ከማን ተማረ በሚል የትውልድ ሐረግ ስለሆነ መቋጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሆንግ ኮንግ ወጣቶች በሕንፃ ጣሪያ ላይ በድብቅ ያደርጉት የነበረው ግጥሚያ ብቻ ነበር ሐረግ ሳይጠይቅ የሚፈርደው፤ እሱም በሕግ የተከለከለና አካል የሚያጎድል ነበር።

ቀበቶ ይህን ጉድለት ሊሞላ የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ክለቡን የማያውቅ ሰው ማዕረጉን እንዲያነብ ያስችላል። ፈተናውን የሚሰጠው ግን ያሠለጠነው ሰው ራሱ በሆነበት ክለብ ሁሉ የድሮው በር መልሶ ይዘጋል። ጎንጅ የተማረ ሰው ዋሸራ ሄዶ በማኅሌት ሲዘርፍ የሚፈርዱት ያላስተማሩት ሊቃውንት ናቸው፤ የሚፈርዱበትም በዚያች ዕለት ባመጣው ቅኔ ነው።