በጄጁ ደሴት መስመር ማስመር፦ የጂፒኤስ ሥዕልና ምድሩ

የጂፒኤስ ሥዕል ብሩሽ አያሻውም። ተጓዡ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይራመዳል፤ መሣሪያው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ያለበትን ቦታ እያሰላ ይመዘግባል፤ ነጥቦቹ ሲያያዙ ካርታው ላይ ዓሣ ወይም ፈረስ ይወጣል። ለዘርፉ በር የተከፈተው አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን በሜይ 2000 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናትም እንዲሁ) ስታቆም ነው። ከዚያ በፊት ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር።

ሠዓሊው ጄረሚ ውድ ከ2000 ጀምሮ የዕለት እንቅስቃሴውን እየመዘገበ ለንደንን ሥሏል። ጃፓናዊው ያሱሺ ታካሃሺ በአገሩ ካርታ ላይ የጋብቻ ጥያቄ ለመጻፍ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። የመጀመሪያው መስመሩን ኑሮው እንዲወስነው ተወ፤ ሁለተኛው ግን ፊደሉን አስቀድሞ ቆርጦ ምድሩን እንደ ባዶ ወረቀት ቆጠረው።

የደቡብ ኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ግን ባዶ ወረቀት መሆን አትችልም።

ደሴቷን የወለዳት እሳተ ገሞራ ነው። መካከሏ ላይ 1,947 ሜትር ከፍታ ያለው የሃላሳን ተራራ ቆሟል፤ ዙሪያውን ነዋሪዎቹ «ኦሩም» የሚሏቸው ከ360 በላይ ትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች ተበትነዋል። ዩኔስኮ ተራራውንና የቀለጠ አለት ሲፈስ የፈጠራቸውን ዋሻዎች በ2007 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ማሳዎቹን የሚከፍሉት ካቦች ያለ ጭቃ የተደረደሩ ጥቁር ድንጋዮች ናቸው። በድንጋዮቹ መካከል የተተወው ክፍተት ነፋሱን ስለሚያሳልፍ ካቡ አይናድም። ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር የተነሳ ተጓዥ እነዚህ ካቦች ጋ ሲደርስ መታጠፍ ግድ ይሆንበታል፤ ያ እጥፋት የገበሬው እጅ ሥራ ነው።

በደቡብ ምዕራብ በኩል የምድሩ ጉዳይ ይከብዳል። በ2007 በጋዜጠኛዋ ሱ ምዮንግሱክ የተጀመረው «ኦሌ» የእግር መንገድ አሥረኛው ክፍል በአልድሩ የአውሮፕላን ሜዳ በኩል ያልፋል። ጃፓን በቅኝ ግዛት ዘመን የሠራችው ይህ ሜዳ በ1937 ናንጂንግን ለመደብደብ አገልግሏል፤ ሣር የለበሱት የኮንክሪት መጠለያዎች ዛሬም በእርሻ መካከል አሉ። ጥቂት አለፍ ሲል የሴኦታል ኦሩም ጉድጓድ ይገኛል። በኦገስት 1950 ከ200 በላይ እስረኞች እዚያ ተረሽነዋል። ቤተሰቦቻቸው አስከሬን ለማንሳት የተፈቀደላቸው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አጥንቱ ተቀላቅሎ የማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ይህ ግድያ በኤፕሪል 3 ቀን 1948 በተነሳው ዓመፅ የጀመረውና ከ25,000 እስከ 30,000 ሰዎች እንዳለቁበት የሚገመተው መከራ አካል ነው። የእኛው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ለኮሪያ ጦርነት በ1951 ኮሪያ ሲደርስ መከራው ገና አላበቃም ነበር። ፕሬዚዳንት ሮህ ሙህዩን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ2003 ነው።

የተጓዡ ፋይል ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታና ሰዓት ይይዛል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሙታኑን ለማሰብ የቆመ ሰውና የጫማ ክሩን ለማሰር የቆመ ሰው በፋይሉ ላይ አይለዩም። ስለዚህ የጄጁ ሥዕል በቅርጹ ማማር ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ መስመሩ ለምን በዚያ አለፈ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። መንገድ የምትቀይሱ ሁሉ፣ በሴኦታል ነጥብ ላይ ስሙንና ዓመቱን ጻፉ፤ ጉድጓዱን ግን የዓሣ ዐይን አታድርጉት።